በሳምንት ሦስት ምስጋና

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከጠዋቱ 12፡30

አልጋዬን አንጥፌያለሁ። የእህቴንም። ዘውዲቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ፤ ማንም የማይተኛበትን አልጋ በየሰኞው አንሶላ እቀይርለታለሁ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰኞ የአንሶላ ቀን ነው።

ጽጌ ጾም ነው፤ ቁርስ የለም። ጫማዬ ተወልውሏል። 1፡15 ላይ እወጣለሁ። በሰባ አራት ዓመቴ ወደ ሥራ።

ምሽት 12፡40

አዲስ ደብተር ስለሆንክ ልንገርህ፤ ያለፈው ሞልቶ ሣጥን ገብቷል። ቢሮው አዲሱ ገበያ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ስድስት ልጆች የድሮ መ/ቤቴን የእጅ ጽሑፎች፣ ቃለ ጉባኤውን፣ ደብዳቤውን፣ አቤቱታውን ከፎቶ እያዩ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋሉ። እኔ አራሚ ነኝ። እዚያ መ/ቤት የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ስለወጣሁ የጸሐፊዎቹን እጅ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሊዲያ ቤቴ ድረስ መጥታ የወሰደችኝ። ሥራ አስኪያጇ እሷ ናት። ልጅ ሳለች ጎረቤቴ ነበረች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እየገባች የዘውዲቱን ዳቦ ትበላ ነበር። ቤተሰቦቿ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ በዚያ በኩል የሚገባ የለም። ቀዳዳው ግን አለ።

ዛሬ የቢሮው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ አገኘሁ። ዜና ሊያሳዩን መስሎኝ ነበር። የስማችን ዝርዝር ነው። ሰባት ስም፣ የእኔም ጭምር። ከስሙ ጎን ነጥብ፣ ከነጥቡ ጎን ኮከብ። ሊዲያ ጨዋታ ነው አለችኝ፤ ሥራውን እንደ ጨዋታ አድርገን ሰው እንዲነቃቃ። እኔ ሥራን ከጨዋታ መለየት የተማርኩት በማስመሪያ ጣቶቼን እየተመታሁ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ምሽት 1 ሰዓት

ስብሰባ። ሊዲያ ደንቡን አስረዳች። ላለቀ ገጽ ነጥብ። እኔ የመለስኩት ገጽ ነጥብ ያስቀንሳል። ያረምኩት ደግሞ ለእኔ ነጥብ ይሆናል። በተጨማሪ ምስጋና የሚባል ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሰው በሳምንት ሦስት ምስጋና ይሰጠዋል፤ ለፈለገው ባልደረባ በስልኩ ይልካል፤ ከፈለገ ምክንያቱን ይጽፋል። የተላከለት ሰው ብዙ ነጥብ ያገኛል። ሳይላክ የቀረ ምስጋና ዓርብ ማታ ይጠፋል።

ከዚያ ከባዱን ተናገረች። ይህ ሥራ በኅዳር ያልቃል። የሚቀጥለው ውል ትንሽ ነው፤ አራት ሰው ብቻ ይይዛል። አራሚውም ከአራቱ አንዱ ነው። ዓርብ ኅዳር 12፣ በ11 ሰዓት ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ከላይ ያሉት አራቱ ይቀጥላሉ። ማንም አድልዎ ተደረገብኝ እንዳይል ነው አለች።

ደስ አለኝ። ለአንተ አልዋሽም። በአዳሪ ት/ቤታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ውጤታችን በሰልፉ ፊት ይነበብ ነበር። አንደኛ የወጣችው ሰማያዊ ሪባን ታስራለች። እኔ ያንን ሪባን ሁለት ዓመት ያህል አልፈታሁትም። ቁጥር አያዳላም።

ቢኒያም የሚባለው ፈጣኑ ልጅ፣ "እማማ አስካለ፣ እርስዎ ምን ቸገረዎ፣ እኛን በቀይ እስክሪብቶ ጨርሰውን አንደኛ ይወጣሉ" አለ። ተሳሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ምሽት 1፡20

በምሳ ሰዓት ሊዲያ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ በአንድ ነገር አይነሣሣም አለችኝ። አንዱ መቅደም ይወዳል። አንዱ የጀመረውን ሞልቶ መጨረስ። አንዱ ከሰው ጋር መሆን። አንዱ የማያውቀውን ማወቅ። ጨዋታው ለአንዱ ዓይነት ብቻ ከተሠራ ሌሎቹን ያደክማቸዋል። "እርስዎ ከልጆቹ ጋር ይውላሉ፤ ማን ምን እንደሚፈልግ ይጻፉልኝ" ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። የሰባታችን ስም በመስመር በመስመር።

ሠላሳ ዓመት የታይፒስቶች ኃላፊ ነበርኩ። ይህንን ጠይቆኝ የሚያውቅ አለቃ የለም። ደረጃውን ስንት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ ሳልቆጥር ቤት ደረስኩ።

ሞልቼዋለሁ። እዚህም ይገልበጥ።

ቢኒያም፦ መታየት። ስሙ ከላይ ሲሆን ጀርባው ይቃናል። ዝቅ ሲል የማይነበበውን ቃል በግምት ይሞላል። ደረጃው በየሰዓቱ ባይታየው፣ በሳምንት አንዴ ቢታየው ይሻላል።

ፍሬሕይወት፦ ጊዜ። የማታ ትምህርት አለባት፤ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ኮከብ ምን ያደርግላታል? ነጥቧን ግማሽ ሰዓት ቀድማ ለመውጣት ብትለውጠው ትበራለች።

በመስኮቱ በኩል ያሉት ሦስቱ ጓደኛሞች፦ አብሮ መሆን። እርስ በርስ አታወዳድሪያቸው። አንድ ሥራ ለሦስቱ ስጪ።

ዘነበች፦ 

ይህን ባዶ ተውኩት። ጠረጴዛዋ ከግድግዳው ተጠግቷል። ከሸጎሌ ትመጣለች፤ ሴት ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች። ሌሎቹ የሚሸሹትን፣ ውሃ የነካውን፣ ቀለሙ የደበዘዘውን ገጽ እሷ ታነሣለች። ስለዚህ ገጿ ጥቂት ነው። አታወራም። ምን እንደምትፈልግ አላውቅም።

አስካለ፦ ሥራዋን መሥራት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ምሽት 12 ሰዓት

ደብተር፣ ስማኝ። እራቴን አቅርቤ ልቀመጥ ስል ስልኬ ጮኸ። ስልኬ አይጮኽም። ከእሑድ በቀር፣ እሑድም የሚደውለው የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ የሞተ ሰው ካለ።

"ምስጋና ደርሶዎታል" ይላል። ከቢኒያም። "እናመሰግናለን እማማ።" ሳላስቀምጠው ደገመው። ፍሬሕይወት። "ኑሩልን።" እንደገና። እንደገና። ድምፁ የትንሽ ደወል ዓይነት ነው። ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ አምስት።

ምግቡ ቀዘቀዘ። ግድ የለም።

ቀይ እስክሪብቶው ገባቸው ማለት ነው። ወጣት ሲታረም ይቆጣል፤ ቆይቶ ነው የሚገባው። እነዚህ ፈጠኑ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ምሽት 12፡15

ዛሬ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ዘውዲቱ በምትቀመጥበት በኩል። እንዲያው እዚያ ቦታ ስለነበረ ነው።

አሥራ አምስት። በቴሌቪዥኑ አንደኛ ሆኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ስወጣ ቀና ብዬ አየሁት። ማንም እንዳያየኝ ኮቴን የማስተካክል መስዬ።

ሊዲያ ወረቀቴን ተጠቅማበታለች። ፍሬሕይወት ሁለት ቀን ቀድማ ወጣች፤ ሥራዋ አልቀነሰም። ሦስቱ ጓደኛሞች አንድ ጥራዝ አብረው ይዘዋል፤ ይንጫጫሉ፣ ግን ይጨርሳሉ። የቢኒያም ግምት ቀንሷል። ልጅቷ ጎበዝ ናት። የሰማችውን ትሠራለች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ከጠዋቱ 12፡20

አንሶላ ቀየርኩ። ሂሳብም ሠራሁ። ከእኔ በቀር ስድስት ሰው፣ እያንዳንዱ ሦስት፣ አሥራ ስምንት። የሚደርሰኝ አሥራ አምስት። ስሞቹን አንድ በአንድ አየሁ።

ዘነበች አንድም አልላከችም። በሁለቱም ሳምንት።

ምንም አይደለም። ግዴታ የለባትም።

ምሽት 1 ሰዓት

ምንም አይደለም ብዬ ጽፌ ቀኑን ሙሉ አሰብኩት። የእሷን ገጽ ከማንም አብልጬ በጥንቃቄ ነው የማየው። ስሟን ስጠራ እንኳ ከሌሎቹ ለስለስ እል ነበር። ምን አጠፋሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26። ምሽት 12፡50

ባለፈው ዓርብ አሥራ አምስት። የእሷ የለበትም።

ዛሬ የዘነበችን ሦስት ገጽ መለስኩ። ደንቡ፣ የማይነበብ ቃል ሲገጥም ቦታውን ክፍት ትቶ "አልተነበበም" ብሎ መጻፍ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷም እንደ ደንቡ ትታዋለች። እኔ ግን፣ ቀረብ ብለሽ ብታዪው ይነበባል፣ ችኮላ ነው አልኳት። ጮክ ብዬ። ሌሎቹ መተየባቸውን አቆሙ።

"እሺ እማማ" አለች። ወሰደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ አመጣች፤ ክፍቱ ቦታ እንዳለ ነው። እንደገና መለስኩ።

ቴሌቪዥኑ ወዲያው ነጥቧን ቀነሰ። ከአራተኛ ወደ አምስተኛ ወረደች። ቀና ብላ አላየችም።

እጄ ቀይ ቀለም ነክቶታል። በሳሙና አልለቀቀም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ምሽት 1፡30

ዛሬ የሰማሁትን በትክክል ልጻፍ።

አዲሱ ገበያ የታክሲው ሰልፍ መንገዱን አልፎ ሄዷል። ቢኒያም ከፊት፣ ሊገባ ጥቂት ሰው ቀርቶታል። ሲያየኝ ጠራኝ። በራሱ ቦታ አስገባኝና ከእኔ ኋላ ቆመ። ከኋላው ያለ ሰውዬ፣ "ወንድሜ፣ ነገ ደግሞ አያትህን ታመጣለህ" ብሎ አጉረመረመ። ቢኒያም ሳይዞር፣ "አያቴ ቀድማ ሄዳለች" አለው። ሰልፉ ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቀ። አንድ ላይ ገባን፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ጠየቅኩት። በየዓርቡ ሦስቱንም ምስጋና ለእኔ የምትልከው ለምንድን ነው አልኩት። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነው የጠየቅኩት። መስማት ፈልጌ ነው።

"ውይ እማማ፣ ለማን ልላክ ታዲያ? ለፍሬ ብልክ እነዚያ ሦስቱ ያኮርፋሉ። ለአንዷ ብልክ ሁለቱ። ለእርስዎ ሲሆን ማን ይናገራል? ታላቅ ነዎት።"

ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ ወይ አልኩት።

"ተነጋገርንበት እኮ። መጀመሪያ ሳምንት። ዓርብ ሊጠፋ ሲል፣ በቃ ለእማማ ይሁን፣ ሰላም እንደር ተባባልን። እንዲህ ተራ እንደ መልቀቅ ነው።" በእጁ ሰልፉን አሳየኝ። በመስኮቱ በኩል ገና ይታያል።

ዘነበችስ?

"እሷ ደረቅ ናት። ምክንያት ሳይኖረኝ ምን ብዬ እልካለሁ አለች። ለፍሬ አንድ ቀን ላከች፤ ቻርጀር ስላዋሰቻት። እንደሱ ብላ ጻፈች፤ 'ቻርጀር ስላዋስሽኝ'። ሳቅንባት።"

አምስተኛ መሆኗን አይተሃል አልኩት። አይቻለሁ አለ። ሩፋኤል ስወርድ ቦርሳዬን አቀበለኝ። ጥሩ ልጅ ነው። ሁሉም ጥሩ ልጆች ናቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። ምሽት 12፡30

ጾሙ ዛሬ ያበቃል። እራት አቀረብኩ።

ስልኩ ጀመረ። 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ተከታትሎ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሰው ከሥራ ሲወጣ መብራት እንደሚያጠፋ። ይህን እስካሁን አለማየቴ።

አሥራ አምስቱን ሁሉ ሰማሁ። ድምፁን መቀነስ እችል ነበር። አልቀነስኩም። ባዶ መሆኑን እያወቅኩም ልስማው አልኩ። ይህንን ለማንም አልናገርም፤ አንተ ጻፈው።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ከሰዓት 9 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሦስቱን ገጾች ፎቶ አወጣሁ። የዘነበችን። መስኮቱ አጠገብ፣ በአጉሊ መነጽር። ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ።

አይነበብም። አንዱ ላይ ውሃ ፈሶበታል። ሁለተኛው ላይ ቀለሙ ወረቀቱን በልቶታል። ሦስተኛውን እኔ ያን ረቡዕ በልበ ሙሉነት ያነበብኩት፣ ስለምፈልግ ያነበብኩት ነው። ክፍቱ ቦታ ትክክል ነው። እሷ ትክክል ነበረች። እኔ ላልደረሰኝ ምስጋና ነው የቀጣኋት።

ሰማያዊው ሪባን ትዝ አለኝ። ዛሬ ብቻ ነው በዚህ በኩል ያሰብኩት። እሱን ባሰርኩባቸው ሁለት ዓመታት በመመገቢያ አዳራሽ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ ስም አንድም አላስታውስም። አልጋዋ ከእኔ አልጋ ቀጥሎ የነበረችው ማን ነበረች?

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ምሽት 1፡40

ሦስቱን ገጾች "ተቀባይነት አለው" ብዬ ፈረምኩባቸው። በምሳ ሰዓት ወደ ዘነበች ጠረጴዛ ሄድኩ። ተነሥታ ወንበሯን ልትለቅልኝ አለች። ቁጭ በይ አልኳት። ሌላ ወንበር ሳብኩ። ስህተቱ የእኔ ነው አልኳት። ይህን ቃል በሥራ ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬ እንደማውቅ ብትጠይቀኝ ጣቶቼ ይተርፋሉ።

አንገቷን ደፋች። "ምስጋና ስላልላክሁልዎት ቅር ብሎዎት እንደነበር ገብቶኝ ነበር" አለች። "ልላክልዎት ብል፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ አጣሁ። የሚያመሰግኑበት ነገር ሲኖር ነው እንጂ።" በቁጣ አልነበረም። እንዳለ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ ጠየቀችኝ። በእነዚያ ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ የአንድ ተላላኪ አቤቱታ አለ፤ ሚስቱ ጅማ ታማ ተኝታለች፤ ወደዚያ አዛውሩኝ ይላል። ቀጣዩ ገጽ ጠፍቷል። ዘነበች ከወር በላይ ከአንዱ ጥራዝ ወደ አንዱ ጥራዝ ስትፈልገው ቆይታለች። የደበዘዙትን ገጾች የምታነሣው ለዚህ ነው። አንዱ ላይ ይገኝ ይሆናል ብላ።

እኔ አውቀዋለሁ። የዝውውሩን ደብዳቤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ተፈቅዶለታል። ልብሱን በጆንያ ይዞ ሊሰናበተን መጥቶ ነበር፤ እንባው ሲመጣ የሳቀ ለመምሰል ሞከረ። ሚስቱ ድናለች። ለብዙ ዓመት በየእንቁጣጣሹ በሚመጣ ሹፌር ሰላምታ ይልክልን ነበር።

ዘነበች እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ዳነች?" አለች። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

አሁን፣ እራት ሳላቀርብ፣ ስልኩ ጮኸ። ሰኞ ነው። ማንም ሰኞ አይልክም። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ።

"የተላላኪው ሚስት መዳኗን ስለነገሩኝ። ዘነበች።"

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አንድ ናት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከወትሮው የባሰ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ምሽት 1 ሰዓት

ሊዲያን በሩን ዘግተን አነጋገርኳት። ስሜ ከዝርዝሩ ይውጣልኝ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ምስጋናዎቹ ከየት እንደመጡ ነገርኳት፤ ልጆቹን ሳልወቅስ። ታላቅን ማስቀደም ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ እሱን ነጥብ ማድረግ ነው። ምክንያት ያልተጻፈበት ምስጋና ነጥብ አይኑረው አልኳት። ደግሞም የሰው እንጀራ የታሰረበት ነገር ጨዋታ አይባልም። ቁጥር አያዳላም ብዬ ያመንኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን የመናገር ተራው የእኔ ነው።

አንገራገረች። "እማማ፣ ስምዎ ከወጣ ከአራቱ ውስጥ አይኖሩም። እኔ ለእርስዎ ብዬ ደንቡን ልለውጥ አልችልም" አለች። አትለውጪ አልኳት። ለውጪ ብዬ ብለምናትስ ኖሮ? እሺ ትል ነበር። ዓይኗ ላይ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ቶሎ ቀጠልኩ።

"ማን ያርማል ታዲያ?"

ዘነበች አልኳት። ስሜ ሲወጣ አራተኛዋ እሷ ናት። የማታነበውን ነገር አላነበብኩም የምትል ሰው ናት። አራሚ ማለት ያ ነው። ሌላውን ትለምደዋለች።

ሊዲያ ዓይኗን በእጇ ጠረገች። እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ አለች። በአጥሩ በኩል ነይ ልላት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አታልፍበትም።

የመጀመሪያውን ወረቀት ከመሳቢያዋ አስወጥቼ ባዶውን ሞላሁ። ዘነበች፦ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ማወቅ። ከታች፣ የእኔ ስም አጠገብ፣ "ሥራዋን መሥራት" የሚለውን አንድ መስመር ሰረዝኩበት። በላዩ ምን ልጻፍ? ሊዲያ ታየኛለች። "ዓርብ ማታ" ብዬ ጻፍኩ። ምን ማለት ነው አላለችኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ምሽት 12፡30

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን በእጄ ጻፍኩ፣ በሦስት መስመር። ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። ሁለተኛው ንጹሕ ነው።

አንድ ነገር ሳላነሣ ቀርቻለሁ፤ አንተም አልጠየቅከኝም። እኔም እንደ ልጆቹ በሳምንት ሦስት ምስጋና ነበረኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ አንድም አልላክሁም። የሚገባው ሰው አላየሁም ብዬ። በየዓርቡ የእኔ ሦስቱ ሳይላኩ ሲጠፉ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የሌሎቹን እቆጥር ነበር። አሥራ አምስት ምስጋና ጠፍቷል። የእኔም አሥራ አምስት።

የዚህ ሳምንት ሦስቱ እስከ ነገ አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከጠዋቱ 12፡10

ሚካኤል ነው። ጎረቤቱ ከንጋት ጀምሮ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ መንደሩ በጭስ ተሸፍኗል። እኔም የተበላሸውን የደብዳቤ ግልባጭ በር ላይ ካለው እሳት ውስጥ ጨመርኩ። ደህናው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ጫማዬ ተወልውሏል።

መነጽሬን አድርጌ ስልኩን ያዝኩ። የታይፒስቶች ኃላፊ የነበረች ሴት በአንድ ጣት ትጽፋለች፤ ቢኒያም ቢያየኝ አይለቀኝም ነበር።

አንደኛውን ለቢኒያም፦ "ሰልፍ ላይ ቦታህን ስለለቀቅክልኝ፣ ስጠይቅህም እውነቱን ስለነገርከኝ።"

ሁለተኛውን ለፍሬሕይወት። ይህኛው አስቸገረኝ። ስለ እሷ የማውቀው ወደ በሩ ማየቷን ብቻ ሆነ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ አንድ አገኘሁ። በጥቅምት አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ሳርፍ፣ ለፈተና ቸኩላ እየወረደች፣ ቆማ ጠብቃኛለች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። እሱን ጻፍኩ።

ሦስተኛውን ለዘነበች፦ "ሦስቱ ክፍት ቦታዎች ትክክል ናቸው። እኔም ላነባቸው አልቻልኩም። አስካለ።" አነበብኩት። ምንም የሚታረም የለበትም።

ላክሁት።

አሁን ሸጎሌ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ ደወሉ ጮኸ ማለት ነው። ልጇን ለት/ቤት እያለባበሰች ይሆናል። ማን ነው በጠዋት ትላለች ልጅቷ።

ስልኩን ከዘውዲቱ ቦታ አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከደብዳቤው ጋር ጨመርኩት። 1፡15 ላይ እወጣለሁ። ደብዳቤውን እሰጣለሁ፤ እስከ 11 ሰዓት እሠራለሁ፤ ስድስቱንም በየስማቸው እሰናበታለሁ። ማታ እራቴን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አቀርባለሁ። ዓርብ ነው። ስልኩ ይጮኽ እንደሆነ አላውቅም።